«ቤንዚኑ ነው» ከማለት በፊት፦ በአዘዞ መንገድ ስላለ አንድ ጋራዥ የቀረበ ግምገማ

በጎንደር መኪና የያዘ ሰው «ቤንዚኑ ነው» የሚለውን ፍርድ ሳይሰማ አልቀረም። ሞተር ሲቆራርጥ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ ወይም ጠዋት አልነሳም ሲል፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ጥፋቱ በመጨረሻ በተቀዳበት ማደያ ላይ ይወድቃል። ፍርዱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ያረጀ ፖምፓ፣ የተዘጋ ፊልትሮና የደከመ ካንዴላም በዚሁ ስም ተሸፍነው ያልፋሉ፤ ባለመኪናውም ያልተበላሸ ዕቃ ለውጦ፣ የተበላሸውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአዘዞ ወደ መሀል ከተማ በሚያወጣው ዋና መንገድ ዳር የሚገኝ አንድ መካከለኛ ጋራዥ ይህን መሰሉን ጥርጣሬ እንዴት እንደሚይዝ በራሴ መኪና ስላየሁ፣ አሠራሩን፣ ዋጋውንና ጉድለቱን እንደሚከተለው እገመግማለሁ።

የጋራዡን ስም የተውኩት በምክንያት ነው። ቤንዚኑ የተቀዳበት ማደያ ከጋራዡ ብዙ ስለማይርቅ፣ አንዱን መጥራት ሌላውንም እንደ መጥራት ይቆጠራል፤ ማደያውን ጥፋተኛ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ በእጄ የለም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ ወር፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ባለ 1.3 ሊትር ማኑዋል ቶዮታ ያሪስ መኪናዬ ቤንዚን ተቀድቶለት ከማደያው እንደ ወጣ ደህና ሄደ፤ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ግን ዳገቱ ላይ መቆራረጥ ጀመረ፣ የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት በራ፣ ከዚያም ጠፍቶ አልነሳም አለ። በመንገድ ላይ የደረሰ አንድ መካኒክ የፖምፓውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ «ፖምፓው ሞቷል» በማለት አዲስ እንድገዛ መከረኝ። ወደ ጋራዡ ስደውል ዋናው መካኒክ በመጀመሪያ የጠየቀኝ የማደያውን ስም ሳይሆን፣ ቤንዚኑ መቼና ስንት ሊትር እንደ ተቀዳ፣ ታንኩ ውስጥ ቀድሞ ምን ያህል እንደ ነበረና መኪናው በቅርቡ አስቸግሮ ያውቅ እንደ ሆነ ነበር። ቀጥሎም፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ አያስነሱት፤ ባለበት ይተዉት፤ መጥተን እንወስደዋለን» አለኝ። ታንኩ ውስጥ ውኃ ካለ፣ ቁልፉ በተዞረ ቁጥር ፖምፓው ያንኑ ውኃ ወደ ቱቦውና ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይገፋዋል፤ ባትሪውና ሞተሪኖውም በከንቱ ይደክማሉ። በገመድ ጎትተው ሲወስዱትም ከፊት የሚስበው ፒክአፕ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ሞተሩ ጠፍቶ የሚጎተት መኪና ፍሬኑ እንደሚከብድ አስቀድመው ነግረውኛል።

ጋራዡን ከሌሎች የለየው ግን ምርመራው ነው። ብዙ ቦታ እንደማየው ቢሆን ኖሮ፣ «ዛሬ ቀዳሁ፣ ዛሬ ቆመ» የሚለው ቃሌ ብቻ ታንኩን ለማውረድ በቂ በሆነ ነበር። እዚህ ግን ቃሌ ከመነሻነት አላለፈም። መጀመሪያ በኮምፒውተር ሲመረመር ሁለት ስሕተቶች ተገኙ፤ አንደኛው ሞተሩ ሳያቃጥል የሚዘላቸው ምቶች እንዳሉ፣ ሁለተኛው በድብልቁ ውስጥ አየር በዝቶ ቤንዚን እንዳነሰ የሚያሳይ ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ ነገሩ የተቋጨ መስሎኝ ነበር፤ መካኒኩ ግን ኮምፒውተሩ «ቤንዚን አነሰ» ሲል የደከመ ፖምፓም፣ የተዘጋ ፊልትሮም፣ በተቀደደ ቱቦ የሚገባ አየርም፣ የማይቃጠል ነዳጅም ያንኑ ቃል እንደሚያናግሩት አስረዳኝ። ስለዚህ አንድ በአንድ ማጣራት ቀጠሉ። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ብልጭታቸው ታየ፤ ሁሉም ይሠራሉ፤ ጫፋቸው ግን ርሶ ነበር። የነዳጁ ግፊት በጌጅ ሲለካ ለዚህ ዓይነት ሞተር እንደሚጠበቀው ከ3 ባር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም «ሞቷል» የተባለው ፖምፓ በሕይወት መኖሩ ተረጋገጠ። አንድ ፖምፓ የሚያወጣውን ገንዘብ ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህች የጌጅ ንባብ ዋጋ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤንዚኑ የተሄደው። በዚህ መኪና ፖምፓው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚገኝ፣ መቀመጫው ተነሥቶ ክዳኑ ተከፈተና በቀጭን ቱቦ ከታንኩ ወለል ላይ ናሙና ተሳበ። ከላይ ሳይሆን ከወለሉ መሳቡ ዋና ነገር ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን በአብዛኛው ከ720 እስከ 775 ግራም ስለሚመዝን፣ ውኃው ሁልጊዜ ታች ይተኛል፤ ፖምፓውም የሚስበው ከታች ነው። ታንኩ ሙሉ ቤንዚን ይዞ ሳለ ሞተሩ ውኃ የሚጠጣው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው ከማደያው ወጥቶ ትንሽ የሄደውም በቱቦው ውስጥ በቀረው በቀድሞው ቤንዚን እንደሆነ መካኒኩ ግምቱን ነገረኝ፤ ከጊዜው ጋር ሲታይ የሚያሳምን ነው።

ናሙናው በንጹሕ የማር ብርጭቆ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ማንም እንዳይነካውም ተነገረ። በመጀመሪያ የደፈረሰ ቢጫ ፈሳሽ ብቻ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ከላይ ያለው ጠራ፤ ከታች ደግሞ ከአንድ ጣት የማያንስ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተለየ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ብርጭቆው ሲነቀነቅ ይወዛወዛል እንጂ አይጠፋም። ከሥሩ የዝገት ፍርፋሪ የሚመስል ቡናማ ደቃቅ ተኝቶ ነበር። መካኒኩ ይህን አይቶ እንኳ ውኃ ነው አላለም። ለኬክ የሚሆን የምግብ ቀለም ከመሳቢያው አውጥቶ አንዲት ጠብታ ጣለ። ጠብታዋ በቤንዚኑ ውስጥ ሳትሟሟ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ወረደች፤ መስመሩ ላይ ጥቂት ቆመች፤ ከታች ያለውን ፈሳሽ ስትነካ ተበተነችና የታችኛው ክፍል ብቻ ቀይ ሆነ። በውኃ የተሠራ ቀለም በቤንዚን ውስጥ ስለማይሟሟ፣ ከዚህ የበለጠ ቀላልና ለዓይን የሚታይ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ ከእሳት ርቆና በብርጭቆ ዕቃ ማድረግ ግን ግድ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ላምባ ነበር። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን በየመንገዱ በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠውን የቀመሰ ሁሉ፣ ላምባ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበታል የሚለውን ወሬ ያውቃል። ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላልና፣ እኔም ይህ እንዲታይልኝ ጠየቅሁ። ከናሙናው ላይኛ ክፍል ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ተደረገ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲያልቅ ምልክት አይተውም ማለት ይቻላል፤ ናፍጣ ወይም ላምባ ካለበት ግን የቅባት ክብ ይቀራል። የእኛው ወረቀት ላይ እጅግ ፈዛዛ የሆነ ጠርዝ ቀረ። እኔ ወደ ድምዳሜ ስሮጥ ዋናው መካኒክ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና፣ «ይኼ ከቱቦው ቆሻሻም፣ ከእጃችን ቅባትም ሊመጣ ይችላል፤ ላምባ አለበት ብዬ አልፈርምም» አለ። በጥግግት መለኪያም ቢሆን ጥቂት ላምባ እንደማይያዝ አከለ፤ የላምባ ክብደት የሚጀምረው የቤንዚን ክብደት ከሚያበቃበት አካባቢ ስለሆነ፣ ትንሽ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከነቅልቅሉ በሚፈቀደው ልክ ውስጥ ሊውል ይችላል። እርግጠኛውን መልስ የሚሰጠው ነዳጁን እያሞቀ በምን ያህል ሙቀት ምን ያህሉ እንደሚተን የሚለካ ላቦራቶሪ ነው። አንድ መካኒክ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ሲያቆም ማየት ከዚህ ጋራዥ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጥ አስደስቶኛል።

በዚህ አጋጣሚ የሰማሁት አንድ ነገር ለጎንደር ሰው በተለይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ላምባ የቤንዚንን ኦክቴን፣ ማለትም ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለውን አቅም፣ ስለሚያወርድ ሞተር እንዲያንኳኳ ያደርጋል፤ ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተርም እዚህ ከፍተኛ ኦክቴን አይጠይቅም። በመሆኑም ቅልቅል ቤንዚን ከተማ ውስጥ ሳይታወቅ ከርሞ፣ መኪናው ጭነት ይዞ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ፣ አየሩ ሲወፍርና ሙቀቱ ሲጨምር ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሾፌሩም ጥፋቱን መንገድ ላይ በቀዳበት ማደያ ላይ ያደርጋል። ውኃ ግን እንዲህ ጊዜ አይሰጥም፤ ወዲያው ያቆማል።

ጥገናው ራሱ ብዙ የሚያወራ አይደለም። ታንኩ ወርዶ ባዶ ተደረገ፣ ታጥቦ ደረቀ፣ ከፖምፓው ጋር ያለው ፊልትሮ ተለወጠ፣ ቱቦዎቹ በአየር ተነፉ፣ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ታጠቡ፣ ካንዴላዎቹ ደርቀው ተመለሱ። የሞተር ዘይቱ መለኪያ ወጥቶ ከፍታው ታየ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት እንደሆነም ተሸተተ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን በፒስተኑ ዳር ወደ ዘይቱ ከወረደ ዘይቱን ያቀጥነዋልና ይህ ሊዘለል አይገባም። የወጣው አሮጌ ፊልትሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ያልተለወጠ ነገር ተለወጠ ተብሎ አልተጻፈም። የሠራተኛ ዋጋው ከሠፈር ጋራዦች ከፍ ይላል፤ ጠቅላላ ሒሳቡ ግን መንገድ ላይ ግዛ ከተባልኩት ፖምፓ ዋጋ በታች ነበር፤ ዋጋውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተነግሮኛል።

የኢንጀክተሩ እጥበት ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ሥራው የተሠራው በእጅ፣ በማጽጃ ፈሳሽና በባትሪ እየከፈቱ በመንፋት ነው። የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የርጭት መጠን ጎን ለጎን የሚለካ መሣሪያ ጋራዡ የለውም፤ ስለዚህ «ጸድቷል» የሚለው ቃል በመኪናው አነዳድ እንጂ በልኬት አልተረጋገጠም። መኪናው አሁን በደንብ ይሄዳል፤ ይህ ግን ለእጥበቱ ጥራት ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የሚከፋው የግቢው አያያዝ ነው። ከታንኩ የወጣው ቤንዚን አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ተደርጎ፣ የተወሰነው የተቃጠለ ዘይት በሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ተደፋ፤ የቀረውን ተለማማጆቹ ዕቃ ሊያጥቡበት ወሰዱት። ከባልዲው ብዙ በማይርቅ ቦታ ደግሞ ጀበና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ራቅ ወዳለ እሳት ይደርሳል፤ ለመቀጣጠልም የአየሩ ብርድ አያግደውም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ስለዚህ ነገር ስናገር ምድጃው ወዲያው ተነሣ፣ ይቅርታም ተጠየቅሁ፤ ነገር ግን ደንበኛ ባይናገር ኖሮ ቡናው እዚያው ይፈላ ነበር። ናሙናን በዚያ ጥንቃቄ የሚይዝ ጋራዥ ባልዲውን እንዲህ መተዉ አይገባኝም። የተበላሸ ነዳጅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ፣ ከሥራው ቦታ ርቆ ሊቀመጥ ይገባል፤ ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሌላው የሚመሰገኑበት ጉዳይ ወረቀቱ ነው። ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ክዳናቸው በሚጠብቅ ብርጭቆዎች ታሸገ፤ በላያቸው ላይ ቀን፣ የሰሌዳ ቁጥርና ከየት እንደ ተወሰደ ተጽፎ እኔም መካኒኩም ፈረምንበት፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለጋራዡ ሆነ። በውኃ ላስቲክ ያላደረጉበትን ምክንያት ስጠይቅ፣ ስስ ፕላስቲክ ከቤንዚን ጋር ሲቆይ ናሙናውን ሊያበላሸው እንደሚችል ነገሩኝ። የጽሑፍ ማረጋገጫውም የሚለው «ከታንኩ ወለል በተወሰደ ናሙና ውስጥ ውኃ ተገኝቷል» ብቻ ነው፤ ውኃው ከማደያው መጣ የሚል ቃል የለበትም። መጀመሪያ ይህ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ቆም ብዬ ሳስበው ግን ሊባል የሚቻለው ይኸው ነው፤ ታንኩ ውስጥ ቀደም ሲል ከተቀዳው የተረፈ ቤንዚን ነበር፣ ክረምት ነው፣ የታንኩ ክዳን ላስቲክም አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ተገኝቷል፤ እሱንም ለውጠውታል። ነዳጅ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ ማደያው ጋን እስኪገባ ድረስ ብዙ እጅ ይለዋወጣል፤ ውኃ በቦቴውም፣ በማደያው የምድር ውስጥ ጋን አፍ በኩል በሚሠርግ ጎርፍም፣ በራሴ ክዳንም ሊገባ ይችል ነበር።

ይህንኑ ወረቀትና ናሙና ይዤ ወደ ማደያው ስሄድ ያነጋገሩኝ ኃላፊ በትሕትና አስተናገዱኝ፤ የርክክብ ሰነዳቸውን አሳዩኝ፤ በዚያ ቀን ከቀዱት ሌላ ቅሬታ ያቀረበ እንደሌለ ነገሩኝ፤ የጋናቸውን ወለል በዘንግ ለክተው እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ግን ይህ በባለሙያ እንጂ በደንበኛ ጥያቄ አይደረግም አሉ። የቤንዚኑን ዋጋ ለመመለስ ፈቃደኛ ሆኑ፤ የጥገናውን ወጪ ግን አልተቀበሉም። የቤንዚኑን ዋጋ ተቀብዬ ነገሩን በዚያው ትቼዋለሁ። ክርክሩን መግፋት ለሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ዝግ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲፈጸም ስለ ተደረገ፣ በየትኛው ማደያ፣ በየትኛው ሰዓትና በስንት ብር እንደ ተቀዳ የሚያሳይ ደረሰኝ በስልክ ውስጥ ይገኛል፤ ይህ ቀድሞ ያልነበረ ትልቅ ማስረጃ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ነዳጅን ከባዕድ ነገር ጋር መደባለቅን ይከለክላል። አቤቱታው ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ይቀርባል። የታሸገ ናሙና፣ የጋራዡ ማረጋገጫና የስልኩ ደረሰኝ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳዩ ወሬ መሆኑ ይቀራል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ማንም ኃላፊ ሰምቶ ከማሰናበት ያለፈ ነገር ለማድረግ ይቸግረዋል።

ጋራዡ ቀጠሮ ሲያከብር ለማየት አልታደልኩም። «ነገ ይደርሳል» የተባለው መኪና ከነገም አለፈ፤ ምክንያቱ ፊልትሮው ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቁ መሆኑን የነገሩኝም እኔው ደውዬ ስጠይቅ ነው። ስልክ የሚያነሣ ሰው ተመድቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መመላለስ አይኖርም ነበር። ተለማማጆቹ ሰው አክባሪዎች ናቸው፤ ዋናው መካኒክ በሌለበት ሰዓት ግን ጥያቄ መመለስ ስለሚፈሩ፣ ጉዳይ ያለው ሰው ጠዋት እሱ ከመውጣቱ በፊት ቢሄድ ይሻለዋል።

ለቤንዚን መኪና ባለንብረቶች ጋራዡን ሳላመነታ እጠቁማለሁ። የናፍጣ መኪና ላላቸው፣ በተለይም አዳዲሶቹን ባለ ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚረጩ) ፒክአፖች ለያዙ ሰዎች ግን አልመክርም። በናፍጣ ሞተር ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፖምፓና ኢንጀክተሮቹ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውኃ ሲገባባቸው ብረት ለብረት ይፋተጋሉ፤ ግፊቱም ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ጉዳቱ በእጥበት አይመለስም። እንዲህ ያለውን ሥራ በመሣሪያ የሚለካና የሚያስተካክል ወርክሾፕ ያስፈልጋል፤ ዋናው መካኒክም ይህን አይደብቅም። እኔ በነበርኩበት ሰዓት ውኃ ገብቶበታል የተባለ አንድ ፒክአፕ ተጎትቶ መጥቶ ነበር። መካኒኩ የናፍጣ ፊልትሮውን ውኃ ማፍሰሻ ከፍቶ ጥቂት በብርጭቆ ካየ በኋላ፣ ሞተሩ እንዳይነሣ ለሾፌሩ አስጠንቅቆ፣ ገንዘብም ሳይቀበል በሎቤድ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር እንዲሄድ አሰናበተው።